ፊቱን የማያጎነብስ መኪና

ከአዳማ ወደ ሰመራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አዋሽ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ራዲያተሩ ፈላ። ሾፌሩ በላይ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እንፋሎቱ ፊቱን እንዳይገርፈው ወደ ኋላ ዘለለ። ተሳፋሪው በአንድ አፍ አጉረመረመ። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ መዘግየት ከሌሎቹ ይልቅ ይቀለኛል።

ሚኒባሱ ተገፍቶ የገባበት ጋራዥ የሐጂ ሰዒድ ነው። ሐጂ ከወሎ የመጡ፣ ጉልምስናቸውን በጅቡቲ መንገድ ላይ በከባድ መኪና ሾፌርነት ያሳለፉ፣ ኋላም መፍቻ ያነሱ ሰው ናቸው። ከአዋሽ እስከ አፋምቦ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። ስማቸው የወጣው በአንድ ሙያ ነው፤ ካረጀ ጎማ ወፍራም ቁራጭ ይቆርጡና በመኪናው የፊት ሞላ ጥቅልሎች መካከል ይጠቀጥቁታል። ያኔ ፊቱ ከፍ ይላል፣ ይጠነክራል፣ በኮረኮንች ላይ ሆዱ አይመታም። ሾፌሮች ይህን «የሐጂ ጉልበት» ይሉታል። ደህናውን መኪና ይዞ እንኳ «እባክዎ ጉልበት ያስገቡልኝ» እያለ የሚመጣው ብዙ ነው።

እንደገባን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ክርክር ሰማሁ። ቱታ የለበሰች ወጣት በአንዲት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ የፊት ጎማ አጠገብ ተንበርክካለች፤ ሐጂ ከአናቷ በላይ ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ያን ቁራጭ ከነካሽው በእኔና በአንቺ መካከል ዝምድና የለም!»

«አጎቴ፣ ዝምድናውን ለጊዜው ይተዉትና መኪናዋን ይመልከቷት።»

ድምፅዋን አወቅሁት። ሂያም ናት፤ የሐጂ የእህት ልጅ። ሰመራ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ፊዚክስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ መካኒካል ምህንድስና ተምራ መመረቋን ሰምቻለሁ።

«ቲቸር!» ብላ ብድግ አለች። እጇን ግራሶ ስለነካው በክርኗ ሰላም አለችኝ። «አላህ ነው ያመጣዎት። በሉ ይዳኙን።»

«መጀመሪያ ጥሉን ልስማ» አልኳት።

ሐጂ ወንበር አስመጥተው እስክቀመጥ ጠበቁ፤ ከዚያም በትህትና ጀመሩ። «መምህርት፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ይቺ ልጅ ድሪፍት የሚሉት ነገር ይዟታል። ነገ ቅዳሜ ሰመራ ላይ ውድድር አለ፤ ድሮ ከባድ መኪና ይቆምበት የነበረው፣ ዙሪያው የታጠረው አስፋልት ላይ። መኪናን የኋላ እግሩን እያንሸራተቱ በኩርባ ማሳለፍ ነው አሉ። እሺ፣ ያንሸራትቱት! ሴት ልጅ ለምን ነዳች የምል ሰው አይደለሁም፤ መሪ ያስያዝኳት እኔው ነኝ። ዲኤክሷም የእኔ ናት። ግን ባለፈው ጊዜ ምን ሆነች መሰለዎት?»

ሂያም አንገቷን ደፋች። የመለሰው ራዲያተሩ ላይ ውሃ የሚያፈሰው በላይ ነበር።

«ኧረ! ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ እንዴ? በኩርባው የተደረደሩትን በርሜሎች ጠራርጋ የወሰደችው? ቪዲዮሽን እኮ ሰመራና ሎግያ ያላየ የለም። ‹የቀጥታ ስርጭት› ነው የሚሉሽ!»

ጋራዡ በሳቅ ተሞላ። ሂያምም ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ነበር፣ ቲቸር» አለችኝ ቀስ ብላ። «የፊት ጎማዎቹ ዞረዋል። መኪናዋ ግን እንዳልሰማች ሆና ቀጥ ብላ ሄደች። ፊቷ ተንሸራተተ እንጂ አልታጠፈም። እኔ ያኔ ምክንያቱን አላወቅሁም፤ አሁን ግን አውቄዋለሁ።»

«ምክንያቱማ ድንጋጤ ነው» አሉ ሐጂ። «እንግዲህ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ቅዳሜ አንድ በርሜል ከነካች ዲኤክሷ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ አዋሽ አርባ ሰው ታመላልሳለች። የሂያምም የድሪፍት ነገር በዚያው ያበቃል። በቤተሰባችን ስም መሳቂያ መሆን ይብቃን።»

«ቃልዎን ተቀብያለሁ» አለች ሂያም። «ግን እጄን አስረው ወደ ውሃ አይጣሉኝ። ከፊት ሞላ ላይ ጎማውን ላውጣው።»

«የሃያ ዓመት ሙያዬን ልታወጪው! ይኸ ጎማ እኮ ነው መኪናውን ቀጥ አድርጎ የያዘው!»

«እሱን ነው እኮ የምልዎት፣ አጎቴ። ቀጥ አድርጎ ያዘው።»

በላይ እንደገና ሳቀ። ሐጂ ግን አልሳቁም፤ የተናቁ መሰላቸው። እኔም እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሰብኩ። ሽማግሌው ክፉ አልነበሩም። የሠሩት ሥራ በጠጠር መንገድ ብዙ መኪና አትርፏል። ስህተታቸው አንድ ጊዜ የጠቀመን ነገር ለሁሉ ጊዜና ለሁሉ ቦታ መድኃኒት አድርገው መያዛቸው ነው። ይህ ስህተት የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ በየቤታችን አለ።

«ሂያም» አልኳት፣ «አጎትሽ ላንቺ መማር ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው። በፈተና ወረቀት ላይ እንደምትጽፊው ሳይሆን በሚገባቸው ነገር አስረጂያቸው።»

ወደ አጎቷ ዞረች። «አጎቴ፣ እርስዎ አሁን በወንበር ነው የሚሰግዱት አይደል?»

«ጉልበቴ እንቢ ካለኝ ወዲህ። አልሐምዱሊላህ፣ ወንበርም ይፈቀዳል።»

«ጉልበት ካልታጠፈ ግንባር መሬት አይደርስም። መኪናም እንደዚያ ነው። ከመታጠፉ በፊት ፊቱን ማጎንበስ አለበት። ፍሬን በቀስታ ሲነካ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ የፊት ሞላው ይጨመቃል፣ ጎማው መሬቱን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ያኔ መሪ ሲዞር ፊቱ ይታዘዛል። የእርስዎ ቁራጭ ግን ሞላውን እንዳይጨመቅ ከልክሎታል። ፊቱ ደርቋል፤ ትንሽ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ጎማው ከመሬት ይነጥራል። የነጠረ ጎማ ደግሞ ምን ይዞ ይዞራል?»

«ንፋሱስ? ጎማውን ያሳበጥኩት እኮ እንዲበረታ ነው።»

«እሱም ሌላው ነው። ንፋስ ከመጠን ሲበዛ ጎማው መሬቱን በመዳፉ አይነካም፤ በጥፍሩ ነው የሚነካው።»

«በዚህ ሙቀት የላላ ጎማ ይፈነዳል! ገዋኔ ላይ ስንቱን አይቻለሁ!»

«እውነትዎን ነው» አለች ሂያም ፈጥና፤ ሽማግሌው እውነት ሲናገሩ መቀበሏን ወደድኩላት። «ለጉዞ ከታዘዘለት መጠን ማጉደል አደገኛ ነው። እኔም መንገድ ላይ አላጎድልም። የታጠረው ሜዳ ውስጥ ስገባ ብቻ የፊቱን ትንሽ እቀንሳለሁ፤ ስወጣ እመልሳለሁ። እርስዎ ግን መንገድም ላይ ከታዘዘው በላይ ይሞላሉ።»

ሐጂ ጺማቸውን ሳቡ። «ወረቀት የሚለውን ሰማሁ። እኔ ግን በእጄ ሳልይዝ አላምንም።»

«እንግዲያው በእጅዎ ይያዙት» አልኳቸው። «እርስዎ ይንዱ። አንድ ጊዜ በእርስዎ አሠራር፣ ቀጥሎ በእሷ። ፍርዱን መኪናዋ ትስጥ።»

የበላይ ሚኒባስ እስከ ነገ እንደማይነሳ ታወቀ። ሂያምና አጎቷ በማግስቱ ለሚደረገው ውድድር በዚያው ቀን ወደ ሰመራ ሊጓዙ ስለነበር በዲኤክሷ እንድሄድ ጋበዙኝ። እኔም እሺ አልኩ።

ከአዋሽ አርባ አለፍ እንዳልን ከመንገዱ ገባ ያለ ደረቅ ሰፊ ሜዳ አገኘን። ሰውም እንስሳም አልነበረበትም። ሂያም ባዶ ጀሪካኖች በኩርባ ቅርጽ ደረደረች። ሐጂ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው መሪው ጋ ተቀመጡ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ሸመጠጡ።

ኩርባው ላይ ሲደርሱ እግራቸው ነዳጅ ላይ እንዳለ መሪውን አዞሩ። ዲኤክሷ ቀጥ አለች። ጨምረው አዞሩ፤ ያኔ ጭራሽ ባሰባት። የፊት ጎማዎቹ በሰያፍ አፈር እያረሱ ጀሪካኖቹን ገለበጧቸው። አቧራው ሲገለጥ ሐጂ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው፣ ከሱ ጋር እንደሚታገል ሰው ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር።

«ይኸ አሸዋው ነው» አሉ ሲወርዱ።

 ሂያም ክሪክ አስገብታ የዲኤክሷን ፊት አነሳች፤ ከሞላው ጥቅልል ውስጥ የጎማውን ቁራጮች በብረት እየፈለቀቀች አወጣች። ሐጂ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ግን ያልጠበቁት ነገር ሆነ። ልጅቷ ቁራጮቹን አልጣለችም። ክሪኩን ወደ ኋላ ወሰደችና እነዚያኑ ቁራጮች የኋላው ሞላ ውስጥ መጠቅጠቅ ጀመረች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«የእርስዎን ሥራ ቦታ እየለወጥኩ። ፊቱ ሲለሰልስ ይይዛል፤ ኋላው ሲጠነክር በኩርባ ላይ ለመንሸራተት ይቀለዋል። ለድሪፍት የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ጎማዎ ጠላቴ አልነበረም፣ አጎቴ። የተቀመጠበት ቦታ ነው ጠላቴ።»

ሐጂ ጎንበስ ብለው አንዷን ቁራጭ ከእጇ ተቀበሉና ራሳቸው አስተካክለው አስገቡ። «እንዲህ ነው የሚገባው፤ አንቺማ ልታስወጪው ነው» አሉ።

የፊት ጎማዎቹን ንፋስ ትንሽ ካስተነፈሰችና ጀሪካኖቹን መልሳ ካቆመች በኋላ ሐጂ ደግመው ነዱ። ዲኤክሷ በዚህ ጊዜ ለመዞር ሞከረች፤ ፊቷን ወደ ውስጥ ሰጠች፤ ቢሆንም አጋማሹ ላይ እንደገና አፈንግጣ ጀሪካን መታች።

ሐጂ ከመኪናው የወረዱት እየሳቁ ነበር። «አየሽ? አየሽ! ቁራጩ ወጣ፣ መኪናዋ ያው ናት! ዩኒቨርሲቲሽ የት ገባ?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ለሂያም ሰጋሁ። እሷ ግን የተረጋጋ ሰው ድምፅ ነበር ያወጣችው።

«መኪናዋ ድርቀቷን ጥላለች፣ አጎቴ። እጅዎና እግርዎ ግን አልጣሉም።»

«ምን ማለትሽ ነው? እኔ ነድቼ አላውቅም ልትይኝ ነው?»

«ሎንችና ነድተዋል፤ ከነተሳቢው። እሱ ሌላ ፍጥረት ነው። አሁን ይፍቀዱልኝ፣ ከጎንዎ ልቀመጥ። እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ልናገር።»

የወደቀውን ጀሪካን አቆመች፤ እኔም ከኋላ ወንበር ገብቼ ሁሉንም ሰማሁ።

«ኩርባው ሳይደርስ፣ ገና ቀጥታው ላይ ሳሉ፣ እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ። እሺ። አሁን ፍሬኗን ይንኩ፣ አይርገጧት። ፊቷ ዝቅ ሲል ተሰማዎት?»

«ተሰማኝ።»

«አሁን ያዙሩ፣ በቀስታ። ፍሬኑን እየለቀቁ። ቆይ፣ ቆይ፣ አይጨምሩ! አልዞር ስትል መሪ አይጨመርም። የፊት ጎማ ከሚችለው በላይ ሲጠመዘዝ አይይዝም፤ ይጎተታል። ትንሽ ይፍቱላት፤ ነዳጁን ቀነስ ያድርጉ፤ ትንፋሽ ይስጧት። ያዘች? ያዘች! አሁን የእጅ ፍሬኑን ሳብ አድርገው ይልቀቁ! ኋላዋ ሄደ! መሪውን በተቃራኒ! ነዳጅ ይስጧት!»

ዲኤክሷ ጅራቷን ወረወረች። አቧራው እንደ ግድግዳ ተነሳ። ሐጂ ሰዒድ፣ የጅቡቲ መንገድ ሐጂ ሰዒድ፣ «ያ ሰላም!» ብለው እንደ ልጅ ጮኹ። ስንቆም ጀሪካኖቹ በሙሉ ቆመው ነበር።

ከመኪናው ወረድን። ከዚያ ሐጂ ሽርጣቸውን አራገፉና «ሜዳ ነው» አሉ። «አፈር ሰውን ያታልላል። አስፋልት ላይ ስናየው እናምናለን።»

አፋቸው ይህን ቢልም ወደ ሰመራ ስንቀጥል መሪውን ለሂያም ሰጡ። ንፋሱም ለጉዞ የታዘዘውን ያህል ተሞላ። የኋላው ሞላ መጠንከሩን በመንገዱ ሁሉ ወገቤ መሰከረ።

ገዋኔን እንዳለፍን አንድ ኩርባ አለ። ከሩቅ ስናየው ሂያም ሳይነገራት እግሯን አነሳች፤ ቀስ ብላ ፍሬን ነካች፤ ዲኤክሷ ፊቷን ዝቅ አድርጋ በእርጋታ ታጠፈች። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ሐጂ ወደ ኋላ ዞረው አዩኝ።

«መምህርት፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ባለቤቴ ተክለ ማርያም የቀረው እዚህ ኩርባ ላይ ነው።»

«ኢና ሊላሂ» አሉ። ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «መኪናው ምን ሆኖ ነበር?»

«መሪው ዞሮ ነበር አሉኝ። መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ።»

ሐጂ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው አላሉኝም፤ ይጽናኑም አላሉኝም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ሚሌ እስክንደርስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ብቻ ሲያዩ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ስንቱን አጠንክሬያለሁ» ሲሉ ሰማኋቸው። ሂያምም ሰማች፤ አላነሳችባቸውም። ሰው ራሱን ሲጠይቅ ሌላ ጠያቂ አያስፈልገውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰመራ ፀሐይ ትንሽ ሲበርድ፣ የታጠረው አስፋልት ዙሪያውን በሰው ተሞላ። የውድድሩ ደንብ ቀላል ነው። በሁለት ረድፍ በርሜሎች መካከል ሁለት ተከታታይ ኩርባዎች አሉ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ ሁለተኛው ወደ ቀኝ። ሁለቱንም ሳያቋርጡ፣ ኋላን እያንሸራተቱ፣ በርሜል ሳይነኩ ማለፍ። ድምፅ ማጉያ የያዘው ዳውድ የሚባል አፈኛ ልጅ ነበር።

«ቀጣይዋ ተወዳዳሪ... ወዳጆቼ፣ ከበርሜሎቹ ራቁ! ‹የቀጥታ ስርጭት› ከአዋሽ መጥታለች!»

ሰዉ አውካካ። «ቀጥታ! ቀጥታ!» እያለ አጨበጨበ። ሐጂ ከጎኔ ቆመው ነበር፤ ጆሯቸው ሲቀላ አየሁ። ጠዋት አንድ ሰው «ሐጂ፣ ጉልበቱን ለምን አወጡት? ዛሬማ ጉድ ሊፈላ ነው» ብሏቸው ነበር። እርሳቸውም ከልጅቷ ዘንድ ሄደው፣ እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ፣ «ሃሳብሽን ከለወጥሽ ቁራጮቹን ወደ ፊት እመልስልሻለሁ» ብለዋት ነበር። «አመሰግናለሁ፣ አጎቴ፤ እንዳለች ትሁን» ነበር መልሷ።

ዲኤክሷ ተነሳች። ከአጥሩ ዳር ዳር ፈጥና መጣች። የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያየውን አየሁ፤ ገና ቀጥታው ላይ ሳለች የነዳጁ ድምፅ ተቆረጠ፣ የፍሬን መብራት ብልጭ አለ፣ አፍንጫዋ ዝቅ አለ። ከዚያ ታጠፈች። የእጅ ፍሬን። ኋላዋ ወጣ፤ የፊት ጎማዎቹ በተቃራኒው ዞሩ፤ ነዳጅ ተሰጣት፤ ጎማው ነጭ ጭስ እየተፋ የመጀመሪያውን ኩርባ በጎኗ አለፈችው። ሳቁ በግማሽ ተቆረጠ።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ግን ችግር ነበር። ከእሷ በፊት የነበረው መኪና ራዲያተሩ አፍስሶ አስፋልቱን አርጥቦት ነበር። ዲኤክሷ ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር የፊት ጎማዋ እርጥቡን ነካ፤ ፊቷ መሸሽ ጀመረ። በርሜሎቹ ከፊቷ ናቸው። ልክ እንደ ባለፈው ጊዜ።

«ቀጥታ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ያን ጊዜ ሐጂን አየኋቸው። ሁለት እጃቸውን በአየር ላይ፣ የማይታይ መሪ እንደያዙ፣ ዘርግተው ነበር። ጨምረው አላዞሩም። ፈቱት። በቀስታ ፈቱት፤ ቀኝ እግራቸውም በጫማቸው ውስጥ ከመሬት ተነሳች። «ትንፋሽ ስጫት» አሉ በሹክሹክታ፣ «አይዞሽ፣ ትንፋሽ ስጫት...»

እዚያ ሩቅ፣ በዲኤክሷ ውስጥ፣ ሂያም ያንኑ አደረገች። መሪውን ፈታች፤ ነዳጁን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቀነሰች። አፍንጫዋ እንደገና ዝቅ አለ። ጎማው ከእርጥቡ ወጥቶ ደረቁን አስፋልት ሲነክስ ድምፁ እኛ ጋ ተሰማ። ኋላዋ ተወረወረ፣ ጭሱ ተነሳ፤ ዲኤክሷ የመጨረሻውን በርሜል በአንድ ስንዝር አልፋ በጎኗ እየተንሸራተተች ወጣች፤ ቆመችም።

ጭሱ ተገለጠ። በርሜሎቹ ሁሉ ቆመዋል።

ከዚያ የሆነውን ለመጻፍ ይከብደኛል፤ ሰመራ እንዲህ ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም። ዳውድ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ሮጠ፤ ሐጂ ግን ከእሱ ቀድመው ደረሱ። በጉልበታቸው እንቢተኝነት ሰበብ በወንበር የሚሰግዱት ሰው እንዴት እንደሮጡ አላህ ያውቃል። ድምፅ ማጉያውን ከልጁ እጅ ተቀበሉና ጥቂት ተነፈሱ።

«እናንተ የሰመራ ሰዎች» አሉ። «ይቺን ልጅ ‹የቀጥታ ስርጭት› ስትሏት ነበር። ወላሂ፣ ቀጥ ያልኩት እኔ ነበርኩ! መኪናዋን ያደረቅኩባት እኔ ነኝ። እሷ እንድታጎነብስ አደረገቻት፤ ታጠፈችላት። ሂያም፣ አፉ በይኝ፣ ልጄ። ቁልፉ ያንቺ ነው። ዲኤክሷም ያንቺ ናት፤ እኔ ደግሞ የምትፈቅጂልኝ ከሆነ ተማሪሽ ነኝ።»

ሂያም ከመኪናው ወርዳ የአጎቷን እጅ ልትስም ጎንበስ ስትል እርሳቸው ቀድመው ግንባሯን ሳሟት። ሰዉ «ሐጂ! ሐጂ!» አለ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ፊቷ ስትስቅ አየኋት።

ውጤቱ ሲነገር አንደኛ ወጣች። ግን ከዚያ የሚበልጠው ትርፍ ኋላ የመጣው ነው፤ ለአንባቢም ልጽፈው የተነሳሁት እሱን ነው።

ሐጂ ሰዒድ ጎማ መቁረጡን አልተዉም። ለጠጠርና ለጭነት የሚሆንበት ጊዜ አለና። ነገር ግን ዛሬ ለሚመጣባቸው ሾፌር ሁሉ የሚያቀርቡለት ጥያቄ አለ፤ የት ትሄዳለህ? ምን ትጭናለህ? ኩርባ ላይ እግርህ የት ነው? ንፋሱን ለመኪናው በታዘዘው ልክ ይሞላሉ። ያለ ምክንያት የጠነከረ ፊት ያስለሰልሳሉ። ሰዎቹም ጎማቸው በአንድ በኩል እየተላጠ ማለቁ እንደቀነሰ፣ መሪያቸው እንደቀለለ፣ በኩርባ ላይ መኪናቸው እንደሚታዘዝላቸው ይናገራሉ። ሂያም በየሳምንቱ በዚያው በታጠረው ሜዳ ሾፌሮችን ታስተምራለች፤ ድሪፍት ለመጫወት የሚመጣው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው መንሸራተትን በሜዳ ተምሮ በመንገድ እንዳይንሸራተት የሚፈልገው ነው። ከኩርባ በፊት ፍጥነትን መቀነስ፣ ፊቱ ሲሸሽ መሪ አለመጨመር፣ ነዳጅ ቀነስ አድርጎ ጎማው እስኪይዝ መታገሥ፤ ይህን ያወቀ ሰው ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያው ሄጄ ነበር። አንድ ግትር የሲኖትራክ ሾፌር «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ አልማርም» እያለ ሲከራከር አገኘሁት። ሐጂ ከሂያም ጎን በተሳፋሪ ወንበር ተቀምጠው ነበር። በሩን ከፈቱና ወረዱ፤ ሰውዬውን በክንዱ ይዘው በትህትና ወደ መኪናዋ መሩት።

«ግባ፣ ወንድሜ፤ እኔም እንዳንተ ስል ነበር» አሉት። «አሁን ቦታዬን ላንተ ለቅቄአለሁ። ቀበቶህን እሰርና የምትልህን ስማ።»

ሰውዬው ገባ። ዲኤክሷ ተነሳች፤ ኩርባው ጋ ስትደርስ ፊቷን ዝቅ አደረገች፤ ታጠፈችም።